ተማሪው ይታይ

ማታ 2 ሰዓት ላይ ዌብናሩ ይከፈታል። «እንደምን አመሻችሁ፤ ድምፄ ይሰማል?» ይላል አቅራቢው። «ይሰማል ዶክተር» የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ ይመጣል፤ የሕፃን ልቅሶና የቴሌቪዥን ዜና ተከትለውት ይገባሉ። የቀሩት ዘጠና ምናምን ሰዎች ስም ብቻ ናቸው። ካሜራቸው ዝግ፣ ማይካቸው ዝግ። አንዱ መኪና እየነዳ ነው፤ አንዷ ተረኛ ሆና ድንገተኛ ክፍል ትሮጣለች፤ አንዱ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ራቱን ሊበላ ወጥቷል። ስላይዱ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ይመለሳል፣ ስላይዱ ይቀጥላል። «ጥያቄ ያለው አለ?» ሲባል ዝም። በጽሑፍ መላኪያው በኩል ግን አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ሰፍሯል፦ «ሰርተፊኬቱ መቼ ይላካል?»

አቅራቢውን ሆኜ አውቃለሁ። ራቱን ሊበላ የወጣውንም ሆኜ አውቃለሁ። ስለዚህ ጠቤ ከሰው ጋር አይደለም፤ ሁላችንንም እዚያ ስክሪን ፊት ካስቀመጠን እምነት ጋር ነው።

እምነቱ እንዲህ ይላል፦ የዓይን ሐኪም ሥልጠና ችግሩ የዕውቀት አለመድረስ ነው። ዕውቀቱ ለንደን፣ ማዱራይና ካትማንዱ ተከማችቷል፤ በኢንተርኔት ወደ ጎንደርና ጅማ ይፍሰስ፤ ያኔ ጥሩ ሐኪም ይወጣል። አንዱ ዌብናር ፍሬ ካላፈራ መድኃኒቱ መጨመር ነው፤ ሌላ ዌብናር፣ የጠራ ቪዲዮ፣ የፈጠነ ኢንተርኔት፣ አዲስ መተግበሪያ። ይህን በስብሰባ ላይ ተናግሮ ተቃውሞ የገጠመው ሰው አላየሁም። ለጋሾች ይወዱታል፤ ለሪፖርት ይመቻል፤ ይህን ያህል ሰዓት፣ ይህን ያህል ተሳታፊ ብሎ መቁጠር ይቻላል። የትምህርት ክፍሎች ይወዱታል፤ ርካሽ ነው። እኛ ሐኪሞችም እንወደዋለን፤ የሙያ ፈቃድ ለማደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ያስፈልገናል፣ ነጥቡም ሶፋ ላይ እንደተቀመጥን ይመጣል።

ስህተት ነው እላለሁ፤ ያውም ከመሠረቱ። የኦንላይን ትምህርታችንን ያሳመመው የትምህርቱ ማነስ አይደለም፤ አቅጣጫው ተገልብጧል። ተማሪው አስተማሪውን ያያል፤ አስተማሪው ተማሪውን አያይም። ይህ እስካልተቃና ድረስ የምንጨምረው ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

በቅድሚያ ለተቃዋሚዎቼ የሚገባቸውን ልስጣቸው። የመጽሐፍ ረኃብ የነበረበት ዘመን ተረት አይደለም። አንድ የዓይን ሕክምና መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ባለቀለሙ የሬቲና ሥዕል ጥቁር ጭቃ መስሎ ሲወጣ፣ ያንን ጭቃ አይተን ለፈተና ስንቀርብ የነበርን ሰዎች አለን። ዛሬ ሳይበርሳይት የተባለው የኦርቢስ የኦንላይን ማስተማሪያ ለዓይን ባለሙያ ሁሉ በነጻ ክፍት ነው። የለንደኑ የንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ዓይነ ስውርነትና ስለ ዓይን ጤና አሠራር ነጻ ኮርሶች አሉት። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚታተመው ኮሚዩኒቲ አይ ሄልዝ ጆርናል በስልክ ይነበባል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ አይዊኪን ከፍቷል። ዩቲዩብማ አይነገርም፤ ጅማ ያለ ሬዚደንት፣ የስፔሻሊስትነት ሠልጣኝ፣ ከቁርስ በፊት የሚያየው ቀዶ ሕክምና እኛ በወር ካየነው ይበልጣል። ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ከገባ በኋላ ደግሞ የዌብናር ጎርፍ መጣ።

ክርክሬም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ዕውቀቱ ደርሷል። ከደረሰም ቆይቷል። ታዲያ ችግሩ አለመድረሱ ከነበረ፣ ዛሬ ሬዚደንቱን ማይክሮስኮፕ ፊት ስናስቀምጠው እጁ ለምን እንደ ጥንቱ ይንቀጠቀጣል? ሲኒየሮች ሻይ ላይ ሲገናኙ የሚያወሩት ይህንኑ ነው፦ «ልጁ ሁሉን ያውቃል፤ ጥያቄ አታሸንፈውም። ግን አይሠራም።» ሁሉን የሚያውቅና የማይሠራ ሐኪም ማፍራታችንን እንደ ተማሪው ጉድለት እናወራዋለን እንጂ የትምህርታችን ውጤት መሆኑን አንቀበልም።

ነገሩን ከዓይን ውስጥ ላስረዳ። የሰው ሌንስ ቀጭን ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል፤ ካፕሱል እንለዋለን። የጀርባው መሃል ውፍረት 4 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የራስ ፀጉር ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። የዓይን ሞራ ሲወጣ ይህ ጀርባ መትረፍ አለበት፤ አዲሱ ሌንስ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ከተቀደደ ከኋላው ያለው ዝልግልግ ነገር፣ ቪትረሱ፣ ወደ ፊት ይመጣል፣ የአሥር ደቂቃው ሥራ የአንድ ሰዓት ጭንቀት ይሆናል፣ በሽተኛው ማየት የሚገባውን ያህል ላያይ ይችላል። በአገራችን በብዛት የምንሠራው ያለ ስፌት የሚዘጋውን፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራውን የሞራ ቀዶ ሕክምና ነው። በነጩ የዓይን ክፍል፣ በስክሌራው ውስጥ፣ ስድስትና ሰባት ሚሊሜትር የሚሰፋ ዋሻ ይከፈታል። ዋሻው ከተበላሸ የቀረው ሁሉ ይበላሻል።

አሁን ያንን ዋሻ በቪዲዮ አስተምሩኝ። ምላጩ በስክሌራው ንብርብሮች መሃል ሲሄድ ከላይ በስሱ መታየት አለበት። ፍንትው ብሎ ከታየ ላይ ላዩን ሄደሃል፣ ክዳኑን ትበሳዋለህ። ጨርሶ ከጠፋ ጠልቀሃል፣ ያለ ጊዜህ ዓይኑ ውስጥ ትገባለህ። ይህን በቃል እነሆ ነገርኳችሁ፤ ሁላችሁም ገባችሁ። ከእናንተ መካከል አንድም ሰው ግን ዋሻ መሥራት አልቻለም። ጎበዝ ሐኪም በቪዲዮ ሲሠራ ምላጩ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ይንሸራተታል፤ የስክሌራውን እምቢታ፣ በጣት ጫፍ የሚሰማውን ያን ቀጭን ተቃውሞ፣ ስክሪን አያሳይም። የተበላሹት ደቂቃዎች ደግሞ ተቆርጠው ወጥተዋል። ከሁሉ የከፋው ተመልካቹ «ገባኝ» ማለቱ ነው። ሰው አሥር ጊዜ ያየውን ነገር የሠራው ያህል ይሰማዋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ ወተቷ የሚፈለግ ዕለት በሽተኛው ተኝቷል፣ ማደንዘዣው ተወግቷል።

ይህን የምለው ከሆዴ አንስቼ አይደለም። ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካን ያካተተ «ኦሊምፒክስ» የሚባል ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ጃማ ኦፍታልሞሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከኬንያ፣ ከታንዛንያ፣ ከኡጋንዳና ከዚምባብዌ 50 የዓይን ሕክምና ሠልጣኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ኬፕታውን ሄደው 5 ቀን ሰው ሠራሽ ዓይን ላይ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ደጋግመው ሠሩ፤ የሠሩትን መልሰው አዩ፤ ታረሙ። ሌሎቹ በተለመደው ሥልጠናቸው ቀጠሉ። ልዩነቱ ልምምዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የተለማመዱት በአማካይ 21.5 የሞራ ቀዶ ሕክምና ሠሩ፤ ሌሎቹ 8.5። የጀርባው ካፕሱል የተቀደደው በተለማመዱት እጅ ከመቶ 7.8 ጊዜ፣ በሌሎቹ እጅ ከመቶ 26.6 ጊዜ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ከአራት ዓይን አንዱ ላይ የሚደርሰው አደጋ ወደ አሥራ ሦስት ዓይን አንዱ ወረደ፤ በ5 ቀን። ይህን ያህል ለውጥ ያመጣ ዌብናር ያለው ይምጣና ያሳየኝ።

እዚህ ላይ ባላንጣዬ ፈገግ ይላል። «እንግዲያውስ የምትከራከረው ለልምምድ ክፍል ነው እንጂ ስለ ኦንላይን ትምህርት አይደለም» ይለኛል። ግማሹ እውነት ነው። የልምምድ ክፍል ይከፈት፤ ሰው ሠራሽ ዓይን ካልተገኘ የበግና የፍየል ዓይን አለ። (አለ ማለቴ፣ ሁዳዴ እስኪገባ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የሠፈሩ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ሬዚደንቱም አብሮ ይጾማል። የበግ ዓይን ፍለጋ ከሥጋ ቤት ሥጋ ቤት የዞረ ሐኪም የሥልጠና መርሐ ግብር ሲያወጣ የጾም ቀን መቁጠሪያውን አጠገቡ ያስቀምጣል።) ነገር ግን ዓይኑ ተገኝቶ ሬዚደንቱ ብቻውን ሲለማመድ ምን ይሆናል? ስህተቱን ይለማመዳል። ሃምሳ ጊዜ በተሳሳተ አያያዝ የከፈተው ዋሻ በሃምሳ አንደኛው ጊዜ ልማድ ይሆንበታል። የጎደለው አራሚ ነው። አራሚው አንድ ነው፣ አዲስ አበባ ነው፣ ሥራ በዝቶበታል። ኢንተርኔት ሊያመጣ የሚችለው የበጉን ዓይን አይደለም፤ የአራሚውን ዓይን ነው። እኛ ግን ኢንተርኔቱን የሰጠነው የአራሚውን አፍ እንዲያመጣ ነው።

የሚገርመኝ ይህን መንገድ እኛ ከማንም በፊት ማወቃችን ነው። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ይመሰክራል። የኔታ ቀኑን ሙሉ ቅኔ እየተቀኙ ተማሪው ሲያደንቅ አይውልም። መንገዱን ያሳያሉ፤ ከዚያ ተማሪው ቆጠራ ይወጣል፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ያወጣል፤ ማታ ነገራ ይቀርባል። ያወጣውን ይናገራል፤ ቤቱ የተሰበረበት፣ ምሥጢሩ የተዛባበት ቦታ እዚያው ይታረማል። የኔታ ብቻቸውን ስለማይችሉት ከፍ ያሉት ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው የታናናሾቻቸውን ይሰማሉ። የትምህርቱ ልብ ነገራው ነው። የኔታ ሲናገሩ ብቻ ሰምቶ፣ ራሱ ሳይናገርና ሳይታረም ባለቅኔ የሆነ ሰው የለም። የዛሬው ዌብናር ነገራ የሌለው ቅኔ ቤት ነው፤ የኔታ ይቀኛሉ፣ ተማሪው ካሜራውን ዘግቶ ያንቀላፋል፣ ሲያበቃ ሁሉም የመምህርነት ወረቀት ይሰጠዋል።

ነገራውን ወደ ማይክሮስኮፑ ማምጣት ደግሞ አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ መተግበሪያ አይጠይቅም። ሬዚደንቱ ስልኩን የማይክሮስኮፑ መነጽር ላይ በማሰሪያ ያስራል። ያደረገውን ሁሉ መላክ አያስፈልገውም፤ የከበደውን ሁለት ደቂቃ ይቁረጥ። ለምሳሌ ዋሻውን ብቻ። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ለእሱ ምኑም አይደለም። ኔትወርክ በጠፋ ሰዓት ይጠብቃል፤ በመጣ ሰዓት ይሄዳል። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ የታየው ይኸው ነው፦ በተወሰነ ሰዓት በቀጥታ የሚተላለፍ ትምህርት ብቻ ያለው ሰው ምንም የለውም። ተቀርጾ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ የገዛ እጅህ ሥራ ግን መንገድ በተከፈተ ቀን ይደርሳል፤ ካልሆነም በፍላሽ ሰው ይይዘዋል።

አራሚው ምን ይላል? «ጎበዝ» ወይም «አልወደድኩትም» ካለ አላረመም። ለዚህም መሣሪያው ተሠርቶ ተቀምጧል። ዓለም አቀፉ የዓይን ሕክምና ምክር ቤት «ኦስካር» የሚባል የመመዘኛ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል (ከፊልም ሽልማቱ ጋር ዝምድና የለውም)። እያንዳንዱን እርምጃ ለብቻው ይዞ፣ ለጀማሪው፣ ለተሻለው፣ ለብቁው እጅ ምን እንደሚመስል በቃላት ያስቀምጣል። ለምንሠራው የሞራ ቀዶ ሕክምና ራሱን የቻለ ሰንጠረዥ አለው። በነጻ ይገኛል። የሠራኸውን በእሱ መዝነው፣ ከደቂቃና ከሰከንዱ ጋር ጻፍለት፤ በቃ።

«አስተማሪ ከየት ይመጣል?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ አስቤበታለሁ። አንድ የአንድ ሰዓት ዌብናር ለማዘጋጀት እኔ ሁለት ቅዳሜና እሁድ እጨርሳለሁ፤ አሥር ሰዓት ልበለው። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ፣ መልሶ አይቶ፣ አምስት መስመር ለመጻፍ ስድስት ደቂቃ ይበቃል። በአሥር ሰዓት መቶ ቪዲዮ ይታረማል ማለት ነው። መቶ የእጅ ሥራ ከመታረሙና እኔ ያዘጋጀሁትን ስላይድ ዘጠና ሰው ራት እየበላ ከማሳለፉ የቱ ይሻላል? በዚያ ላይ አስነጋሪ አለ። የሦስተኛ ዓመቱ የአንደኛ ዓመቷን ዋሻ ይረም፤ ሲያርም ራሱም ይማራል። እኔ ዘንድ እነሱ ያልተስማሙበት ብቻ ይምጣ።

ሌላም ሰው አለን፤ የማንጠቀምበት። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የዓይን ሐኪሞች በየጊዜው ይመጣሉ፤ ሻንጣቸውን ሌንስ ሞልተው፣ ከፈቃዳቸው ቀናት ቀንሰው። ሁለት ሳምንት ይሠራሉ፤ አንድ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ይሄዳሉ። ከሄዱ በኋላ ዙም ላይ እንጋብዛቸዋለን፤ ዋሽንግተንና አዲስ አበባ በሰባትና በስምንት ሰዓት ይለያያሉና አንዳችን ሁልጊዜ እንቅልፍ ላይ ነን። ቪዲዮ ግን ሰዓት አይመርጥም። እኛ ተኝተን ሳለ እነሱ ከሥራ ወጥተው ያዩታል፤ በማለዳ ስንነሳ መልሱ ይጠብቀናል። እስካሁን የጠየቅናቸው እንዲያስተምሩን ነው። አንድም ቀን «እዩን» ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም።

የእጅ ሥራ ብቻ አይደለም። የማየት ሥራም ያው ነው። ሬቲና ማንበብ፣ የግላኮማን ነርቭ መመዘን፣ የዓይን ቆብ ገልብጦ ትራኮማን መለየት፤ እነዚህ በሥዕል ሊማሩ የሚችሉ ናቸውና ዌብናሩ ቢያንስ እዚህ ላይ ያሸንፋል ትሉ ይሆናል። ዌብናሩ የሚያሳየው ስድስት ቆንጆ ሥዕል ነው፤ ከመቶ ሺህ የተመረጡ፣ ብዙውን ጊዜም ከእኛ በሽተኞች ይልቅ ጀርባው የነጣ ሬቲና ያላቸው ሰዎች ሥዕል። በሽተኛህ ግን ጠቆር ያለ ሬቲና፣ ሞራ የጀመረው ሌንስና ዝም ብሎ የማይቀመጥ ዓይን ይዞ ይመጣል። የሚያስፈልገው መቶ ተራ ፎቶ ነው፤ ለእያንዳንዱ «ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልስህን የሚያይ፣ ስትሳሳት እዚያው የሚነግርህ። ይህን ለማድረግ ኢንተርኔት ከማናችንም ይሻላል፤ ከእኛ ክሊኒክ የተነሱ ፎቶዎችን የሰበሰበ ግን አላየሁም።

በዚህ ረገድ ምሳሌው ከቤታችን ነው። ዓለም አቀፉ የትራኮማ ካርታ ሥራ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 የተጀመረው ኦሮሚያ ውስጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያበቃ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰው ተመርምሯል። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የዓይን ቆብ የገለበጡት መርማሪዎች «ሥልጠና ተካፍለናል» ብለው አልተሰማሩም። በመጀመሪያ በፎቶ ተፈተኑ፤ ያንን ያለፉት ወደ ሰፈር ወጥተው 50 ሕፃናትን መረመሩ፤ ውጤታቸው ከዋናው መርማሪ ውጤት ጋር ተመዘነ። ካፓ በሚባለው የስምምነት መለኪያ 0.7 ያልደረሰ ወደ ቤቱ። ስንት ሰዓት ክፍል ተቀመጥክ ብሎ የጠየቀው የለም። ስማርት ስልክም ነበራቸው፤ ያዩትን መመዝገቢያ ነው እንጂ ትምህርት ማዳመጫ አልነበረም። እናም ያ ካርታ ዛሬም ይታመናል።

የትራኮማ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ስለ ኦንላይን ትምህርት ስናወራ የምንረሳቸው ሰዎች አሉ። በትራኮማ ወደ ውስጥ የዞረ የዓይን ፀጉር በገጠር በብዛት የሚያስተካክሉት ስፔሻሊስቶች አይደሉም፤ ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ናቸው። ወረንጦ ይዛ ፀጉሯን እየነቀለች ዓመታት የኖረች እናት የምታገኘው እነሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ ጥናት አለ፤ አማራ ክልል ውስጥ 1,000 በሽተኞች በሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነት ተከፍለው ታዩ። በአንደኛው ፀጉሩ በዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው ከመቶ 22፣ በሌላኛው ከመቶ 13 ሆኑ። ምላጩን የያዙት የእኛ ባለሙያዎች፣ የተኙት የእኛ እናቶች ናቸው። ውጤቱ ግን በእንግሊዝኛ ታትሞ ለንደን ይነበባል። ያንን ልዩነት ለጤና ጣቢያው ባለሙያ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ በሠራው ሥራ ላይ እያሳየ የሚነግረው ማን ነው? ለእሱ የተዘጋጀው ኦንላይን ትምህርት ካለ፣ በሕይወቱ አይቶት ስለማያውቀው ውድ የሬቲና መሣሪያ የሚያወራ የእንግሊዝኛ ስላይድ ነው።

የሰዓት ቆጠራው ነገር ደግሞ ዓለም ትቶት የሄደው ዓይነት ቆጠራ ነው። ድሮ የሞራ ሥራ የሚለካው በቀዶ ሕክምና ብዛት ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2021 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ግብ ግን ሌላ ነው፤ የሚቆጠረው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በጥሩ ሁኔታ ያየ ሰው ነው፤ ይህም ሽፋን እስከ 2030 በ30 የመቶኛ ነጥብ እንዲያድግ ተወስኗል። ለበሽተኛው «ተሠርቶልሃል» ማለት አይበቃም፤ «አየህ ወይ?» እንለዋለን። ለሐኪሙ ግን አሁንም «ተገኝተሃል» ብለን ሰርተፊኬት እንሰጠዋለን። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን ከመቶ 1.6 ዓይነ ስውር መሆኑን፣ የዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ መሆኑን አሳይቷል። ነጥብ የሚያሰጠው የመገኘት ሰዓት ሳይሆን የታረመ ሥራ ቢሆን፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚከፈተው ነገር ሌላ ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ ቀላልና ርካሽ ከሆነ ለምን አልተደረገም? እውነተኛውን ምክንያት ማንም በስብሰባ አይናገረውም። ኢንተርኔት አይደለም፤ ገንዘብም አይደለም። እፍረት ነው።

ቪዲዮ መላክ ገመናን አደባባይ ማውጣት ነው። ካፕሱሉ የተቀደደበትን ደቂቃ ለሲኒየር መላክ፣ ያ ሲኒየር ነገ ምዘናህን እንደሚሞላ እያወቅህ፣ ቀልድ አይደለም። ቪዲዮው ከግሩፕ ግሩፕ ዞሮ መሳቂያ ብሆንስ? ሬዚደንቱ ይህን መፍራቱ ልክ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር ስላለ ነው የሚፈራው። የእኛ የሲኒየሮቹ ፍርሃት ግን ከእሱ ይብሳል። ዌብናር ላይ የማቀርበው የተዋጣልኝን ነው። ዓመት ሙሉ ከሠራሁት ውስጥ አንድ የሚያምር መርጬ፣ ሙዚቃ ጨምሬ አቀርባለሁ። የተበላሸብኝን አላቀርብም። ዌብናሩን የምወድበት ምክንያት፣ ልናዘዝ፣ እኔን ስለማያሳይ ነው። ተማሪውን ለማየት ከተነሳሁ እሱም እኔን ማየት ይፈልጋል፤ የእኔ ካፕሱል ስንት ጊዜ እንደተቀደደ ይጠይቃል።

ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል፤ ጥቂት፣ ግን የማይታጠፍ። ለእርማት የተላከ ቪዲዮ ለቅጣትም ለምዘናም አይውልም። የበሽተኛ ስም አይጻፍም፣ በቪዲዮው ድምፅ ውስጥም አይጠራም፤ የበሽተኛው ፈቃድ በቅድሚያ ይጠየቃል። ቪዲዮ ከቴሌግራም ግሩፑ ያወጣ ራሱ ይወጣል። ቀድሞ የሚለጠፈውም የሲኒየሩ መጥፎ ቪዲዮ ነው። ይህ የመጨረሻው ካልተፈጸመ የቀሩት ሦስቱ ወረቀት ናቸው።

እኔ ባለፈው ዓመት የራሴን ለጠፍኩ። የሞራው ፍሬ ሲወጣ ካፕሱሉ የተሰነጠቀበት፣ «እህ» ያልኩበት ድምፅ ሳይቀር። ሁለት ቀን ማንም ምንም አላለም። ግሩፑ የሞተ መሰለኝ፤ ከሰው ዓይን ወደቅሁ ብዬ ተጨነቅሁ። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት የ1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ቪዲዮ መጣ። ከሥሩ «ዶክተር፣ ከይቅርታ ጋር፤ ዋሻው ልክ አልመሰለኝም» ይላል። መብራቱን አብርቼ ሦስት ጊዜ አየሁትና እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ «0፡52 ላይ ምላጩ ከዓይኔ ጠፋ፤ ጠልቀሃል። የምላጩን ተረከዝ ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ጫፉ በስሱ እስኪታይህ። የግራ እጅህ ዓይኑን እየተጫነው ነው፤ አላስተዋልከውም። ነገ የበግ ዓይን ካለ ዋሻውን ብቻ አምስት ጊዜ ሥራና አምስተኛውን ላክልኝ። የእኔንም አይተኸዋል፤ ምን አጠፋሁ?»

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሱ መጣ። «3፡10 ላይ ዶክተር፤ ውሃው ሳይዘጋ ነው መሣሪያውን ያወጡት መሰለኝ?»

ተመልሼ አየሁት። ልክ ነበር።